ለዘጠኝ ሰዓት የተቀመጠችው ጠርሙስ

ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ገላን ኮንዶሚኒየም። የዐቢይ ፆም ሦስተኛ ሳምንት ነው። የቂሊንጦ ፋብሪካ ሰርቪስ ሾፌር ነኝ፤ ዛሬ ግን ተሳፋሪ ሆኜ በሚኒባስ ወደ ሳሪስ ሄድኩ። ባለፈው ወር ጉበቴ ላይ ስብ ታይቶ ነበር። የዛሬው ምርመራ ጠባሳ መኖር አለመኖሩን ለማወቅ ነው፤ ጠባሳ ካለ ነገሩ ይከፋል። «ሳይበሉ ይምጡ» ብለውኛል። ፆመኛን በዚህ ማን ያስፈራራዋል!

ቃሊቲ ላይ ከባድ መኪኖች መንገዱን ዘግተውት ቆምን። ሾፌሩ ትርፍ ሰው ጫነና ዳገቱ ላይ ሚኒባሱ ማቃሰት ጀመረ።

«አንተ፣ ሞተሩን ልትገድለው ነው እንዴ?» ብዬ ጮህኩበት።

«ይችላል፣ ጋሼ!»

አራት ሰዓት፣ ሳሪስ። የክሊኒኩ ወረፋ ረጅም ነበር። ሐኪሟ የልጄ እኩያ ናት፤ መሣሪያውን ጎኔ ላይ አድርጋ ስክሪኑን ስታይ ቆየች።

«ጠባሳ የለም። ስቡ ግን አልቀነሰም።»

«ሥጋና ቅቤ ከተውኩ እኮ ሦስት ሳምንቴ ነው! ስቡ ከየት መጣ?»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጀመሪያ የሚቀምሱት ምንድን ነው?»

በኩራት መለስኩላት። «የፆም ብቻ ነው። ሁለት ፓስቲና አንድ ትልቅ ጠርሙስ ለስላሳ። ሻዬ ደግሞ አራት ማንኪያ ስኳር አለው።»

ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ጉበት ስኳሩን ወደ ስብ ይለውጠዋል። የጉበት ሴል ከአቅሟ በላይ ስትጫን መጀመሪያ ራሷን ለማዳን ትታገላለች፤ ሥራ ትቀንሳለች፣ የተበላሸውን ትጠግናለች። ጫናው ካልቀነሰላት ግን ትሞታለች። ጠባሳ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።»

ቃሊቲ ላይ የጮህኩበት ሾፌር ትዝ አለኝና አፈርኩ። በሰው መኪና ትርፍ ሲጫን እናደዳለሁ፤ በገዛ ጉበቴ ላይ ግን ስንት ዓመት ስጭን ኖሬያለሁ።

«አሁን ባራግፍለትስ?»

«ያገግማል፣ ጋሼ።»

ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ሃምሳ አምስት ቀን ሥጋ የሚተው ሰው ጠርሙስ አያቅተውም።

ዘጠኝ ሰዓት፣ ቤት። ባለቤቴ እንደ ልማዷ ፓስቲውንና ጠርሙሱን አሰናድታ ጠበቀችኝ። ውጤቱን ነገርኳትና ያልተከፈተውን ጠርሙስ ይዤ ወደ ሰፈራችን ባለሱቅ ወረድኩ። ከስልጤ የመጣ ወዳጄ ነው።

«ምነው ጋሼ፣ ይኼ እኮ የፆም ነው!»

«ለነፍሴ የፆም ነው፤ ለጉበቴ ግን የፍስክ ሆኖ ተገኘ» አልኩና ሐኪሟ ያለችኝን ነገርኩት።

«እኔም እኮ በረመዳን የማፈጥረው በዚችው ነው» አለ። ጠርሙሷን መደርደሪያው ላይ ሊመልሳት አንስቶ፣ እጁ ላይ እንደያዛት ቆየ።