ከኋላ ወንበር የተኛችው እህት

ባለፈው ሳምንት ሳንታ ክላራ በሚገኘው መሥሪያ ቤቴ ለስብሰባ ወንበር ሲጎድል ከዕቃ ክፍሉ አንድ ታጣፊ የብረት ወንበር አወጣሁ። ስዘረጋው ሲጥ ብሎ ቀጭ አለ። የብረቱ ቅዝቃዜ ከመዳፌ ሳይለቅ እዚያ ክፍል ውስጥ የሌለ ሽታ ሸተተኝ፤ የዓሣ መረቅ፣ የተቀቀለ ሩዝ፣ እርጥብ ምንጣፍ። አጠገቤ የነበረችው ባልደረባዬ "አር ዩ ኦኬ?" አለችኝ። ደህና ነኝ ብያት ተቀመጥኩ፤ ስብሰባው ግን በአንድ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጣ። ትዝ ያሉኝ በአሥራ አራት ዓመቴ ሳን ሆዜ ውስጥ በየእሁዱ የምዘረጋቸው ወንበሮች ነበሩ። ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

አባቴ ሐዋሳ ውስጥ ወንጌላዊ ነበር። የድንኳን ጉባኤ ላይ መብራት ጠፍቶ ማይክሮፎኑ ሲሞት መድረኩን የሚሰጡት ለእሱ ነው። ድምፁ ከድንኳኑ አልፎ መንገድ ዳር ባጃጅ የሚጠብቁት ሰዎች ዘንድ ይደርሳል። ኦክላንድ ያለች የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን ሳን ሆዜ ላይ አዲስ ኅብረት እንዲተክል ስትጠራው፣ እናቴ የምታስተምርበትን ትምህርት ቤት ተሰናበተች፤ ዕቃችንን ሸጥን፤ እኔንና ትንሹን ወንድሜን ይዘው መጡ።

የተቀበሉን የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ነበሩ። በሥራ ቀን ከኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር የሚያመላልስ ትራክ ይነዳሉ። ጢማቸው የሸበተ፣ ንግግራቸው አጭር፣ ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው። ሳን ሊያንድሮ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ተከራይተውልን ቆዩን። ከሕንፃው ጀርባ ባርት የሚሉት የከተማ ባቡር ሲያልፍ የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል። ነሐሴ ላይ ይሞቃል ተብለን ስስ ልብስ ይዘን ስለመጣን ጠዋት ጠዋት በጉሙ እኛም አብረን እንንቀጠቀጣለን። ወንድሜ ሌላው ቀርቶ የምንጣፉን ልስላሴ አላመነውም፤ የመጀመሪያውን ሰሞን ቤት ውስጥ በእግሩ ጣቶች ነበር የሚሄደው።

እናቴ የገባን ቀን ሻንጣዎቹን ሁሉ ባዶ አድርጋ፣ ዘግታ፣ ከአልጋው ሥር ገፋቻቸው። አባቴ፣ "አሁን ዕረፊ፣ ነገ ቀስ ብለን እናወጣዋለን" ሲላት፣ "ሻንጣ ተደግፌ መኖር አልፈልግም። የመጣነው ለሥራ ነው" አለችው። ዞራ ደግሞ እኔን፣ "ሰምተሻል?" አለችኝ። ሰምቻለሁ አልኳት።

ሳን ሆዜ ላይ አንድ የቬትናሞች ቤተ ክርስቲያን እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ የራሳቸው አምልኮና ምሳ ካበቃ በኋላ፣ የጀርባውን አዳራሽ አከራየን። ስንገባ የምሳቸው ሽታ አይለቅም። ምንጣፉ ላይ የፈሰሰውን ስለሚያጥቡት ሁልጊዜ እርጥብ ነው። በስተምዕራብ ካለው ረጅም መስኮት የሚገባው ፀሐይ ወለሉ ላይ ቢጫ ሆኖ ይነጠፋል። የመጀመሪያው እሁድ ሽማግሌው ጠዋት ኦክላንድ አምልከን ስንጨርስ በመኪናቸው አምጥተው አደረሱንና እዚያው አቅራቢያ ዘመድ ሊጠይቁ ሄዱ። እኔና ወንድሜ ወንበሮቹን እየዘረጋን አዳራሹን ሞላነው። እናቴ በር ላይ ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች።

ማንም አልመጣም።

አባቴ ሰዓቱን አየ። ትንሽ ጠብቆ መድረኩ ላይ ወጣና መጽሐፍ ቅዱሱን ገለጠ። ወንድሜ፣ "አባዬ፣ ሰው የለም እኮ" አለው።

"እናንተስ?" አለ አባቴ።

እናቴ መዝሙር አነሳች፤ እኛም ተቀበልናት። ከዚያ አባቴ ሐዋሳ ድንኳን ውስጥ በሚሰብክበት ድምፅ ሰበከ። ለሦስታችን። ድምፁ ባዶዎቹ ወንበሮች ላይ እየነጠረ ይመለሳል። እኔ አፍሬ ወለሉን ሳይ እናቴ "አሜን" ትላለች፤ ብዙ ሰው መሀል እንደተቀመጠች ሁሉ፣ በየቦታው ሳታሳልፍ።

ስንመለስ ሽማግሌው መሪያቸውን ይዘው፣ "እንዴት ነበር? ስንት ሰው መጣ?" ብለው ጠየቁ። አባቴ አፉን ከመክፈቱ በፊት እናቴ ከኋላ፣ "አራት ነበርን ጋሼ" አለች። በመስታወቱ አዩን። አራት ነበርን በእርግጥም።

ትንሽ ከነዱ በኋላ፣ "እንዳልደብቅዎት ብዬ ነው ወንጌላዊ" አሉ። "እስከ ፋሲካ እናያለን። ኅብረቱ ካልያዘ ሽማግሌዎቹ ሌላ ነገር ማሰባቸው አይቀርም።" ሌላው ነገር ወደ አገር መመለሳችን እንደሆነ እኔም ገባኝ። አባቴ "እግዚአብሔር ያውቃል" አለ። እናቴ ግን ቅዳሜ በጠዋት ቀስቅሳኝ፣ የፕሮግራሙን ሰዓት የጻፍንባቸውን ወረቀቶች አስይዛ፣ በባርትና በአውቶቡስ እየቀያየርን ሳን ሆዜ ወሰደችኝ።

እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። እናቴ ፊቱ የአበሻ የመሰላትን ሁሉ ታስቆማለች። አንዱ ኤርትራዊ ሆኖ በትግርኛ መርቋት አለፈ፤ ሌላው ሶማሌ ነበር፤ አንዷ ወረቀቱን ተቀብላ ሳታነብ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ባቡር ፌርማታው ላይ ግን እንደ ሆስፒታል ሠራተኛ ሰማያዊ የሥራ ልብስ የለበሰች ሴት ተቀምጣለች። ጭንቅላቷ ወደ ደረቷ ይወድቅና ብንን ትላለች፤ መልሶ ይወድቃል። እናቴ አጠገቧ ተቀመጠች።

"እህቴ፣ አበሻ ነሽ?"

"ነኝ" አለች ሴትዮዋ፣ ዓይኗን እያሸች።

"እሁድ ከሰዓት በኋላ የአምልኮ ፕሮግራም አለን። እዚሁ ቅርብ ነው።"

"እሁድ ከሥራ ወደ ሥራ ነኝ። መሀል ላይ ትንሽ ሰዓት ብቻ ነው ያለኝ።"

"በዚያችው ሰዓት ነይ።"

"እንቅልፍ ይጥለኛል እኮ፣ እውነቴን ነው።"

"ይጣልሽ" አለቻት እናቴ።

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየቻት። ስታያት ቆይታ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ኪሷ ውስጥ ከተተች።

እሁድ መዝሙሩ ሳያልቅ በሩ ተከፈተ። ያው ሰማያዊ ልብስ ነው። ከኋላ፣ ግድግዳውን ተጠግታ ተቀመጠች። አባቴ ሰው ሲያይ ፊቱ በራ፤ መጽሐፉን ገለጠና በዚያ ድምፁ ጀመረ። የመጀመሪያውን ጥቅስ አንብቦ ሳይጨርስ እንቅልፍ ወሰዳት። አንገቷ ወደ ግድግዳው ዘመመ፤ አፏ ትንሽ ተከፈተ።

አባቴ ዝም አለ። ከልጅነቴ ጀምሮ መድረክ ላይ ሲያቅማማ አይቼው አላውቅም። እናቴን አያት፣ እናቴም አየችው። ከዚያ ጉሮሮውን እንኳን ሳይጠርግ፣ ልጅ እንዳይነቃ በሚወራበት ድምፅ ስብከቱን ቀጠለ። አንድም ነገር አላሳጠረም። እናቴ ተነሥታ ነጠላዋን ሴትዮዋ ላይ ጣል አደረገችባት። ወንድሜ ወንበሩን እንዳያንቀጫቅጭ በጭኔ መሀል ያዝኩት። የመዝጊያውን መዝሙር ከንፈራችንን ገጥመን በዜማ ብቻ አንጎራጎርነው። ፀሐዩ ወለሉ ላይ እየተሳበ እግሯ ድረስ ደርሶ ነበር። ይህን ለወንድሜ ስነግረው፣ አሁን በቁመት ከእኔ የሚበልጥ ጎረምሳ ሆኗል፣ "አይ ዶንት ሪሜምበር" ይለኛል። እኔ ግን የትንፋሿን ድምፅ ሳይቀር አስታውሳለሁ።

ከዚያ ወዲህ በየእሁዱ መጣች፤ በየእሁዱም ተኛች። ቤት ስንገባ አባቴን፣ "ግን ምንም አትሰማም እኮ" አልኩት አንድ ጊዜ። ካልሲውን እያወለቀ፣ "እንቅልፍ የሚሰጠው ማን መሰለሽ?" አለኝ።

ገና ሲቃረብ ሽማግሌው ዘመድ ጥየቃውን ትተው ገብተው ተቀመጡ። ሊያዩ እንደመጡ አውቀናል። አባቴ ጠዋት ሸሚዙን ሁለቴ ቀይሯል። አዳራሹ ውስጥ ከእኛ ሌላ ያለችው እሷ ብቻ ነች፤ የዚያን ቀን ደግሞ ታንኮራፋለች። ሽማግሌው ዞር ብለው አዩዋት። ከዚያ አባቴን፣ ያን ሹክሹክታውን፣ አዩት። ሊቀሰቅሷት ከወንበራቸው ብድግ ሲሉ እናቴ ዓይናቸውን እያየች ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። የኦክላንድን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ እንዲህ የሚያስቀምጥ ሰው አይቼ አላውቅም። ቀስ ብለው ተቀመጡ።

ፕሮግራሙ ሲያልቅ ነቃች። አዲሱን ሰው ስታይ ደንግጣ ሻሿን አስተካከለች።

"እህቴ፣ ስብከቱ እንዴት ነበር?" አሏት ሽማግሌው።

አባቴ ወንበር የሚያጥፍ መስሎ ጀርባውን ሰጠ።

"አልዋሽዎትም ጋሼ፣ አልሰማሁትም" አለች። "ማታ ማታ አንዲት አሮጊት ሴት ቤት እያደርኩ እንከባከባለሁ። ቀን ሆቴል አጸዳለሁ። ልጄን አገር ቤት ለእህቴ ትቼ ነው የመጣሁት፣ ላስመጣት ብዬ። ቤቴ ገብቼ ጋደም ስል ደግሞ ሐሳቡ አያስተኛኝም። እዚህ ግን ወንጌላዊው መናገር ሲጀምሩ፣ ምን ልበልዎት፣ አንድ ሰው ነቅቶልኝ የተቀመጠ ይመስለኛል። ያኔ ይወስደኛል።" ከወንበሯ ተነሥታ፣ "ነውር ከሆነ እቀራለሁ" አለች።

"ማን ቅሪ አለሽ?" አሉ ሽማግሌው።

በመመለሻው መንገድ መሽቶ ነበር፤ ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን መሪው ላይ አድርገው ነዱ። የፊት መብራቶች በፊታቸው ላይ እየመጡ ያልፋሉ። ሳን ሊያንድሮ ስንቃረብ፣ ለማንም እንዳልሆነ ሁሉ፣ "ወደቡ በር ላይ ከንጋት በፊት ተሰልፌ መሪው ላይ ድፍት የምልበት ጊዜ አለ። ከኋላዬ ያለው ጥሩንባ ሲነፋ ነው የምነቃው" አሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ "በሚመጣው እሁድ እኔም እዚያው አመልካለሁ። ሽማግሌዎቹን ለእኔ ተዉልኝ" አሉ። አባቴ "እሺ ጋሼ" ሲል ድምፁ ተሰበረ። እናቴ መስኮቱን ትንሽ ከፍታ ንፋሱን ተቀበለችው።

እሳቸው ሁለት የትራክ ሹፌሮች ይዘው መጡ፣ ከነሚስቶቻቸው። እሷ አብረዋት ሆቴል የሚሠሩ ሴቶችን አመጣች፤ እነሱ ደግሞ ባሎቻቸውንና በእንግሊዝኛ የሚመልሱ ልጆቻቸውን። የሕፃናት ክፍል ተከፈተ፤ አስተማሪዋ እናቴ ሆነች። በፋሲካ ወንበር ከቬትናሞቹ ዋና አዳራሽ እየተዋስን ነበር። ስለ መመለስ ያነሳ ሰው የለም። እሷ ከኋላ፣ ግድግዳው ሥር፣ ተኝታለች። አዲስ የሚገቡት እናቶች ልጆቻቸውን "እሽ፣ እሷ እንዳትነቃ" ማለት ለምደው ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ልጇ መጣች። ሁለት ጉንጉን የተሠራች፣ ዓይነ አፋር ልጅ። ግን ለሁለት ሰው የሚሆን ቤት ኪራይ ሳን ሆዜ ውስጥ እናትየዋ አልቻለችውም፤ ቴክሳስ ያለች የአክስቷ ልጅ ነይ አለቻት። የምትሄድበት ቀን እሁድ ሆነ። ሽማግሌው ኤርፖርት ሊያደርሷቸው መኪናቸውን አዳራሹ ደጅ አቁመው፣ ሻንጣውን ጭነው፣ ሞተሩን አስነሥተው ሰዓታቸውን ያያሉ። እናቴ የልጅቱን ጉንጉን እየደጋገመች ታስተካክላለች፤ ምንም ያልተበላሸውን። አባቴ ጸለየላቸው። አሜን ተባለ። ልጅቱ መኪናው ውስጥ ገባች።

እሷ ግን የመኪናውን በር ይዛ ቆመች።

"አንድ ነገር ላስቸግርዎት?" አለችው አባቴን። "ከተኛሁባቸው ስብከቶች አንዱን ይንገሩኝ። አንዱን ብቻ። ነቅቼ ልስማው።"

አባቴ ሽማግሌውን አያቸው። አውሮፕላን የሚጠብቅ ነገር አይደለም፤ ሰዓቱም እየሄደ ነው። ሽማግሌው ሰዓታቸውን በእጅጌያቸው ሸፈኑ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ቁልፉ ሰድደው ሞተሩን አጠፉ።

አባቴ መጽሐፍ ቅዱሱን ገልጦ ከመጀመሪያው ጀመረ።