ዳስ የተጣለላት ፒካፕ

የኔሰው ፒካፑን በገዛ ግቢው ራሱ ቀለም ሊቀባ መነሳቱ ሲሰማ፣ ቢቸና ውስጥ ያልሳቀ ሰው ጥቂት ነው። ሾፌር እንጂ ቀለም ቀቢ አልነበረም። በዚያች ባለ ሁለት ጋቢና መኪና ከግንደወይን ጤፍ፣ ከሞጣ በግ እያመላለሰ ልጆቹን አሳድጓል። የመኪናዋ ነጭነት ግን ከጠፋ ቆይቷል፤ በሮቿን ዝገት በልቷቸዋል፣ ኮፈኗም ተላልጦ ጠቁሯል።

ነገሩን ያመጣው የልጁ የወይንእሸት ሠርግ ነው። ለሞጣ ልጅ ታጭታ ነበር። ሽማግሌዎቹ የሠርጉን ነገር ሊጨርሱ የመጡ ዕለት፣ «ከቤቴ የምወጣው በአባቴ መኪና ነው፤ ትምህርት ቤት ያደረሰችኝም እሷ ናት» ብላ አስነገረች። የሙሽራው አባት አቶ ስማቸው በመስኮቱ ፒካፗን አየት አደረጉና ፈገግ አሉ።

«አቶ የኔሰው፣ ሙሽራ እኮ እህል አይደለችም። መኪና ከሞጣ እኛ እናመጣለን፤ ይህችኛዋ ዕቃ ይዛ ከኋላ ትከተል።»

«ካማረችስ?» አለ የኔሰው።

«ካማረችማ ከፊት ትቅደም!»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

ጋራዥ ወሰዳት፤ ባለሙያው ዝገቱን አይቶ ለሠርጉ አትደርስም አለው። በማግስቱ የኔሰው ብርጭቆ ወረቀት ገዝቶ መፈግፈግ ጀመረ። ዝገቱን አወጣ፣ የተበላውን በስቱኮ ደፈነ፣ ከጎሚስታው ቀለም የሚረጭበት ኮምፕረሰር ተዋሰ። መጀመሪያ በአሮጌ ቆርቆሮ ላይ እጁን አለማመደ። ስትረጭ እጅህ አንድ ቦታ ከቆመ ቀለሙ ይንጠባጠባል፤ ቀቢዎች «አለቀሰ» ይሉታል። ቆርቆሮው ማልቀሱን ሲተው ወደ መኪናዋ ዞረ።

ቀለሙ ወይን ጠጅ ነው፤ ለልጁ ስም ብሎ የመረጠው። ጠዋት ብርድና ጤዛ ስላለ ፀሐይ እስክትበረታ ጠበቀ። ኮፈኑን ጨርሶ ወደ በሩ ሲል ነፋስ ተነሳ። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቱ ፋንታ ደግሞ ያንኑ ነፋስ ሲጠብቅ ነው ያረፈደው። አውድማው ላይ ያለውን ጤፍ በላይዳ እየዛቀ ወደ ላይ ይረጭ ጀመር። ፍሬው እዚያው ወረደ፤ እብቁ አጥር ተሻግሮ እርጥቡ ኮፈን ላይ ተለጠፈ።

«ፋንታ! እኔ ቀለም ስረጭ አንተ እብቅ ትረጫለህ?»

«ነፋሱን ለብቻህ ገዝተኸዋል እንዴ?» ፋንታ በአጥሩ ላይ አንገቱን አሰገገ። ኮፈኑን ሲያይ ሳቁን ሊይዘው አልቻለም። «የኔሰው፣ ውሃ ብታጠጣት እኮ ትበቅልልሃለች!»

የኔሰው ባለቤት ማናለሽ ከቤት ወጥታ አየች። «ሙሽራዋ እህል አይደለችም ቢሉህ፣ መኪናዋን እህል አደረግሃት?» አለችው። ከዚያም አዲስ ብርጭቆ ወረቀት አምጥታ እጁ ላይ አኖረችለት።

እንደገና ፈገፈገ። ሠርጉ ግን ቀርቧል፤ ነፋሱ በየቀኑ ይነሳል፤ ፋንታም ምርቱን ሜዳ ላይ ትቶ መቀመጥ አይችልም። የኔሰው ግራ ገብቶት በቆመበት፣ የሰፈር ወጣቶች የሠርጉን ዳስ እንጨት ተሸክመው ገቡ። እንጨቱን አየ፤ መኪናዋን አየ።

«ዳሱን ዛሬውኑ ጣሉልኝ» አላቸው።

«ምነው ጋሼ፣ ሠርጉ ገና ነው እኮ። ለማን ነው?»

«ለመኪናዋ!»

ዳሱ ተጣለ፤ ፒካፗ መሐል ገባች። ዙሪያው በሸራ ተጋረደ፤ ቀለሙ እንዳያፍን ከላይ በኩል ብቻ ክፍት ተተወ። አንድ ጎን ሸራ ሲያንስ ፋንታ እህሉን የሚሸፍንበትን ይዞ መጣ። አቧራው እንዳይነሳ መሬቱን በባልዲ እያረጠበ፣ «ዛሬስ የምረጨው ውሃ ነው» አለ። የኔሰው ማስኩን አጥልቆ ገባ። መጀመሪያ እንደ ጉም ስስ አድርጎ አለበሳት፤ ሲደርቅ ደገመ፤ እስክትጠግብ ደራረበ። ውጭ ነፋሱ ሸራውን ይደበድባል፤ ውስጥ እጁ አልቆመም።

የሠርጉ ዕለት የሞጣ መኪኖች ጥሩምባቸውን እየነፉ መጡ። ፒካፗ ከዳሱ ደጃፍ ቆማለች፤ ሰው ሁሉ መልኩን እያየባት ያልፋል። አቶ ስማቸው ቀስ ብለው ዞሯት። በኮፈኑ ጠርዝ ላይ፣ ከቀለሙ ሥር፣ ጣታቸው አንዲት ቀጭን ገለባ አገኘች።

«ይህስ?»

«የቢቸና ጤፍ ነው» አለ የኔሰው። «ሙሽራ እህል አይደለችም ብለውኝ ነበር። ልክ ነዎት። ይህች መኪና ግን ያሳደገቻት እህል ተሸክማ ነው።»

አቶ ስማቸው ከት ብለው ሳቁና ወደ ሾፌሮቻቸው ዞሩ። «እናንተ ከኋላ ሁኑ! ይህች ትቅደም!»

ወይንእሸት ከቤት ስትወጣ እሷም እናቷም አለቀሱ። ፋንታ እንኳ ዓይኑን ጠረገ። ቀለሙ ብቻ አላለቀሰም። ሞጣ ሲደርሱ ወይን ጠጇ ፒካፕ ከሁሉም ፊት ነበረች፤ የኔሰውም መስኮቱን እስከ ታች አውርዶ፣ ጥሩምባውን ሳይለቅ ከተማዋን አቋረጠ።