በወረቀት ላይ ያለቀው ድልድይ

ያንን ድልድይ የጨረስኩት እኔ ነኝ። አንድ ድንጋይ ሳይነሳ፣ ማንም አካፋ ሳይጨብጥ፣ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ጨረስኩት።

የወረዳ ፕላን ባለሙያ ነኝ። አርባ ምንጭ ከተማ፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራይቼ በየጠዋቱ በሚኒባስ ወደ ደጋው እወጣለሁ። ቀበሌዎች የሚጠይቁትን መንገድ፣ ውኃና ትምህርት ቤት እሰበስባለሁ፣ በቅጽ እሞላለሁ፣ በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ። ከዚያ ዞኑ ያየዋል፣ የወረዳው ምክር ቤት በጀቱን ያጸድቃል። ለሁሉም የሚበቃ በጀት ሲመጣ አይቼ አላውቅም። ስለዚህ ከዝርዝሩ አንድ መስመር ወጣ ማለት አንድ ቀበሌ ሌላ ዓመት ጠበቀ ማለት ነው።

ከወንዝ ማዶ ያለችው ቀበሌ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የእግረኛ ድልድይ። ባለፈው ክረምት አንዲት ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ እስከ ወንዙ ዳር መጥታ፣ ሙላቱ እስኪጎድል ስትጠብቅ ልጇ ሞተባት። በወረዳው ይህን ያልሰማ አልነበረም።

ቅጹ ላይ «ያለበት ደረጃ» የሚል ሳጥን አለ። የቀበሌዋ ሥራ አስኪያጅ እዚያ ውስጥ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ «አልቋል» ብሎ ጻፈ። እኔም እንዳለ ገለበጥኩት።

እኛ ጋሞዎች ዱቡሻ አለን። ሜዳ ላይ ተቀምጠን የምንመክርበት የአደባባይ ሸንጎ ነው፤ ዛሬ ዛሬ ሴቶችም እንቀመጣለን። ዱቡሻ ላይ አይዋሽም፣ እዚያ የተወሰነ ነገር ደግሞ አልቋል ነው የሚባለው። የቀበሌዋ ሰዎች ድንጋዩንም ጉልበቱንም እናዋጣለን ብለው ወስነው ነበር። ለሥራ አስኪያጁ ነገሩ አልቋል። ዞን ላይ ግን ድልድዩ አልቋል ተብሎ ተነበበ፤ ከዕቅዱ ወጣ፣ ከተጠናቀቁት ፕሮጀክቶች ጋር ተደመረ፣ በግምገማው ቀንም ተጨበጨበልን። እኔም አጨበጨብኩ። የዚያው አገር ልጅ ሆኜ ቃሉን አለማስተዋሌ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

የነቃሁት ሥራ አስኪያጁ በሚያዝያ መጥቶ «እህቴ፣ ድልድይዋ መቼ ነው የምትጀመረው? ድንጋዩን እኮ ከምረን ጨረስን» ሲለኝ ነው።

በቀጥታ ወደ ኃላፊዬ ገባሁ። ሰሙኝ፣ ግንባራቸውን አሹ፣ በሩንም ዝጊው አሉኝ።

«ሪፖርቱ ክልል ደርሷል። አልቋል ያልነውን አልተጀመረም ብንል ምን እንባላለን?»

«ተሳስተዋል እንባላለና።»

«ቆይ፣ መላ አለው። ጥገና ብለሽ አስገቢው።»

«የሌለ ድልድይ ምኑ ይጠገናል?»

አልሳቁም። እኔ ግን ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ ንዴቴ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል፤ ዛሬ የሌለ ድልድይ ከጠገንን ነገ የሌለ ትምህርት ቤት ቀለም እንቀባለን። ደግሞስ በጥገና ገንዘብ ድልድይ አይሠራም። ያቺ ቀበሌ ጥቂት ከረጢት ሲሚንቶ ተሰጥቷት ሁለተኛ ጊዜ አልቋል ልትባል ነው። «ያዘጋጀው» በሚለው ቦታ ላይ አልፈርምም አልኩ። ደመወዜን፣ ዝውውርን፣ የሥራ አጡን ብዛት አስታወሱኝ። እልህ ያዘኝ።

«እሺ» አልኳቸው፣ «አልቋል የሚለውን ዱቡሻ ላይ ቆመው ይናገሩት። ከዚያ እፈርማለሁ።»

ይመጣሉ ብዬ አልነበረም። ነገር ግን ለሥራ አስኪያጁ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፣ በሳምንቱም የቀበሌዋ ሽማግሌዎች ዱቡሻ ይምጡ ብለው ኃላፊዬ ላይ መልእክት ላኩባቸው። ኃላፊዬ ከዞን ስብሰባ ሊቀሩ ይችላሉ። ዱቡሻ ተጠርቶ መቅረት ግን ለጋሞ ሰው ነውር ነው፣ እሳቸውም ጋሞ ናቸው።

በግንቦት አንድ ጠዋት ውኃው ጎደል ሲል ሱሪያችንን ጠቅልለን ተሻገርን። ሽማግሌዎቹ ሸንጎውን በምርቃት ከከፈቱ በኋላ ኃላፊዬ ተነሱና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ድልድዩ በሚቀጥሉት በጀት ዓመታት ታሳቢ ይደረጋል» አሉ።

አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው እንዳሉ፣ «ልጄ፣ አልቋል ብላችሁ ጽፋችኋል አሉ። እዚህ ቆመህ በለው፤ እኛም ሄደን እንሻገርበት» አሉ።

ያን ጊዜ ከሴቶቹ መካከል አንዲት ሴት ተነሳች። ባለፈው ክረምት ወንዙ ዳር ልጇ የሞተባት ናት። ሆዷ ገፍቷል። እንደሌሎቹ በጋሞኛ ነው የተናገረችው።

«እንደገና አርግዣለሁ። የምወልደው በሐምሌ ነው። የእናንተም በጀት የሚጀምረው በሐምሌ ነው አሉኝ። እስቲ ማናችን እንደምንቀድም እናያለን።»

ኃላፊዬ ሆዷን አዩና፣ «አላለቀም» አሉ። «አልተጀመረምም። ተሳስተናል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው እስክሪብቶ ጠየቁኝ። የማስተካከያውን ደብዳቤ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጻፍኩት፣ እሳቸውም ሳሩ ላይ ተቀምጠው ፈረሙ። በዚያች ሰዓት አከበርኳቸው፤ ለሁለት ቀን ያህል።

በሦስተኛው ቀን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ የመሥሪያ ቤቱን ጉዳይ ያለ ፈቃድ ወደ ውጭ አውጥተሻል ይላል። ይቅርታ ከጠየቅሽ ይነሳልሻል አሉኝ። አልጠየቅኩም። ፋይሌ ውስጥ ይቀመጥ፤ ከዚያ ሁሉ ወረቀት መካከል አንድ እውነት የተጻፈበት ነው፣ በእርግጥም አውጥቼዋለሁ። ዞኑ ተቆጣ፣ ሪፖርቱ ግን ተስተካከለ፣ ድልድዩም ወደ ዕቅዱ ተመለሰ። ምክር ቤቱ በሐምሌ አጋማሽ አጸደቀው።

ሴትየዋ ቀደመች። ሙላቱ ሳይመጣ በሰኔ አውርጄ ሲቀላ እኔ ቤት አስቀምጫት ነበር። ሐምሌ በገባ በሳምንቱ በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድኳት፣ ሴት ልጅ ወለደች። ዘመዶቼ ምን አገባሽ አሉኝ።

ወሯን ስትጨርስ፣ ዝናቡ ጋብ ብሎ ውኃው የጎደለ ቀን ሸኘኋት። ወንዙ ዳር የተከመረው ድንጋይ አጠገብ አንድ መሐንዲስ በሜትር እየለካ ችካል ይተክላል። ሕፃኗን አዝላ ጫማዋን ስታወልቅ ሲያይ መለኪያውን ጥሎ ሮጠና እጁን ዘረጋላት፤ «ነይ እህቴ፣ ላሻግርሽ» አላት።

እጁን አየችው። «እስከ ዛሬስ ማን ሲያሻግረኝ ነበር?» አለችና ብቻዋን ውኃው ውስጥ ገባች።