ልቤ ሲመሰክርብኝ

ዳንግላ ላይ ከጋሪዬ አውርደው ሲወስዱኝ ፈረሴ መንገዱ መሀል ቆሞ ቀረ። ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበር፤ ገና ጤፍ ጤፍ ይሸታል። አሥራ አራት ሰው ተጣቦ ተኝቶበታል።

ጥፋቴ አንድ ጥቅል ወረቀት መጫኔ ነው። የተቃዋሚዎች ወረቀት ነው አሉ። እኔ ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ከዱቄት ጆንያ ጋር ጫንኩት፣ አለቀ።

መርማሪው በዕድሜ ልጄ ይሆናል። ገና ስቀመጥ ሲጋራ ይሰጠኛል፣ ራሱ ይለኩስልኛል። ሱሰኛ ነበርኩ፤ ጣቴን እስኪያቃጥለኝ እምገዋለሁ። ከዚያ የእጄን አንጓ ይይዛል።

«አላነበብኩም ትላለህ፤ ልብህ ግን እየመሰከረብህ ነው» ይለኛል።

እውነቱን ነው፣ ልቤ ይደልቃል። በሦስተኛው ቀን እኔም ራሴን ጠረጠርኩ። ፈሪ ነኝ ማለት ነው አልኩ። በነጋታው ያሉትን አምኜ፣ አሻራ ሰጥቼ ልገላገል ቆረጥኩ።

ይህንን አጠገቤ ለሚተኛው ስነግረው ሳቀ። እሱም እንደኔው እስረኛ ነው፤ ውጭ እያለ የጤና ጣቢያ ነርስ ነበር። ጆሮዬ ላይ የሰካሁትን ቁራጭ ሲጋራ አየና እንዳልነካው፣ አርፌ እንድቀመጥ ነገረኝ። ሰዓቱን ወስደውበታል። በአንድ እጁ የኔን አንጓ፣ በሌላው የራሱን አንገት ያዘ። እኩል ነው የሚሄዱት አለኝ። ከዚያ ዘቡን ለምኖ በበሩ ቀዳዳ አስለኮሰልኝ። አጭሼ ስጨርስ እንደገና ያዘኝ። የኔ ልብ የሱን ጥሎት ሄዷል።

«ሲጋራው ነው ጋሼ። ደም ሥርዎን ያጠበዋል፣ ልብዎን ያስሮጠዋል። ትንሽ ቢቆዩ ይረጋል፤ መርማሪው ግን መች ያቆይዎታል?»

ጋሪ ነጂ ነኝ፣ ገባኝ። ቆሞ የተገረፈ ፈረስ ምንም ሳይጎትት ሲያልበው አይቻለሁ።

በነጋታው ሲጋራውን ተቀብዬ ጠረጴዛው ላይ መልሼ አስቀመጥኩት። አፌ ምራቅ ሞላ። እጄን ዘረጋሁለት።

«አሁን ይያዙት» አልኩት።

ያዘው። ብዙ ቆየ። ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽም፤ ልቤ ግን በራሱ እርምጃ ይሄዳል። ለቀቀኝና ሲጋራውን ራሱ አጨሰው። አሻራ አልሰጠሁም። በዚህ ተፈታ የሚል ካለ ተሳስቷል፤ ስምንት ወር ጨምረው አቆዩኝ።

ማጨሱን ትቻለሁ። ሲጋራ ሲዘረጉልኝ «ይመሰክርብኛል» እላለሁ፤ ቀልድ መስሏቸው ይስቃሉ። ማስረዳቱ ይደክመኛል።

ከወጣሁ በኋላ እንጅባራ ላይ ከጎልማሶች ጋር ተቀምጬ ፊደል ቆጠርኩ። አሁን ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። ያ ወረቀት ምን ይል እንደነበር ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።