ብረቱ ሲለጠጥ

ታናሽ ወንድሜ ሆሳዕና ውስጥ በአንድ የኑግ ዘይት መጭመቂያ የቦይለር እሳት ጠባቂ ነበር። ቦይለሩ አሮጌ የእንፋሎት ጋን ነው፤ ሆዱ ላይ የተበየደው ቦታ ሲግል ያብጣል። ወንድሜ ይህን እያየ ይሠራል። ለምን አይለቅም እንዳትሉኝ። ዘመኑ ደርግ ነው፤ ሥራ የሌለው ጎረምሳ ለብሔራዊ ውትድርና ይታፈሳል። ሊገድለው የሚችለውም፣ ከጦር ሜዳ ያስቀረውም ያው ቦይለር ነው።

ይጠገን ሲባል የመጭመቂያው ኃላፊ በዓይን ግምት ምርት አይቆምም ይላል። እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ነገር ከያዝኩ ደግሞ አልለቅም። እንግዲያው በመለኪያ አሳየዋለሁ አልኩ። ብረት ላይ የተጣበቀ ቀጭን ሽቦ ብረቱ ሲለጠጥ አብሮ ይለጠጣል፤ ያኔ ኤሌክትሪክ እንደ ልቡ አያሳልፍም። ይህንን የትምህርት ቤታችን መለኪያ መርፌ ታሳያለች።

ከተቃጠለ የኤሌክትሪክ ካውያ ሽቦውንና ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ የማያሳልፈውን፣ እንደ ወረቀት የሚታጠፈውን ማይካ አወጣሁ። መከራዬን ያበላኝ ማጣበቂያው ነው። ቡላ አፍልቼ እንደ ኮላ ቀባሁት፤ አረረ። ከዳምቦያ ሸክላ ሠሪዎች ጭቃ አስመጣሁ፤ እሳቱን ቻለ፣ ብረቱ ሲያብጥ ግን ተሰነጣጥቆ ረገፈ። የሚታጠፈው ይቃጠላል፣ የማይቃጠለው አይታጠፍም። በንዴት አለቀስኩ። ወንድሜ ግን ቡላውን ለራት አስተርፊልን እያለ ይስቅብኛል።

አንድ ቀን ጎረቤታችን ቤቱን ሊመርግ ጭቃና ጭድ ሲያቦካ አየሁ። ጭዱ ነው ለካ ጭቃውን ከመሰንጠቅ የሚያድነው! እሳት ዘንድ ጭድ አይሆንም፤ ስለዚህ ከቦይለሩ ክዳን የተረፈ፣ እሳት የማይበላው የአስቤስቶስ ገመድ ተርትሬ ከጭቃው ጋር ለወስኩት። ያዘ።

ሙቀቱ ብቻውን መርፌዋን እንዳያሳስታት ሌላ ሽቦ ሳላጣብቅ አጠገቡ አኖርኩ፤ መርፌዋ የሁለቱን ልዩነት ብቻ እንድታሳይ አገናኘኋቸውና ኃላፊውን ጠራሁት። እሳቱ በበረታ ቁጥር መርፌዋ ሄደች፤ ቦይለሩ ከበረደ በኋላም ወደ ቦታዋ አልተመለሰችም። ብረቱ ተለጥጦ ቀርቷል። ኃላፊው ላቡን ጠረገና እሳት እንዳይነድ አዘዘ። ወንድሜ ሰው ሁሉ እያየ አቀፈኝ። ኮራሁ፣ ምን ልዋሽ።

በያጅ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መጭመቂያው ተዘጋ። ሠራተኛው ሥራ ፈታ። ቀበሌ ደግሞ ሥራ ፈት ሲለቅም በራችንን አንኳኳ። ከድጡ ወደ ማጡ ይሏል ይሄ ነው። ሮጬ ሄጄ ሊቀመንበሩን ለመንኩት፤ ወንድሜ እኮ ሥራ አለው አልኩ። ሰውየው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቀና ብሎ አየኝ።

"ቦይለሩ ይሠራል እንዴ?" አለኝ።

እንደማይሠራ ያስመሰከርኩት እኔው ነኝ።

ወንድሜ የምልምሎቹ መኪና ላይ ሲወጣ እጄን ያዘና "እትዬ፣ መለኪያሽ እኮ ልክ ነበር" አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው። ምነው ባላለኝ።

ቦይለሩ ተጠገነ፤ ወንድሜ አልተመለሰም። አዲሱ እሳት ጠባቂ ከብየዳው ጎን የተለጠፈው ምን እንደሆነ አላወቀምና መጥቼ እንዳነሳው ላከብኝ። ሄድኩ። በጥፍሬም በቢላም ፋቅሁት፤ አልላቀቅ አለኝ።