ተኳሿና ክንፋሙ

ሰፈሩ ሁሉ «ተኳሿ» ነው የሚላት። ቅጽል ስሟን በወሬ የሰማ ሰው መሣሪያ የታጠቀች ሴት ጠብቆ ይመጣና፣ ከአንድ ፀጉር ቤት በላይ ፎቅ ላይ ባለው የአክስቷ ላውንድሪ ካውያ ይዛ ሸሚዝ የምትተኩስ ቀጭን ልጅ ያገኛል። ገና ሃያ ዓመት አልሞላትም። እናትና አባቷን በልጅነቷ ስላጣች ያሳደገቻት አክስቷ ናት፤ አክስትየዋም ከሸሚዝ ኮሌታ በቀር በዓለም ላይ የሚያሳስባት ነገር ያለ አይመስልም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናብ የደበደበው ጎረምሳ ገባና ጀርባውን አዞረላት።

«ይሄን ትተኩሺልኛለሽ?»

ክንፍ ነበር። እንደ ሐር የሳሳ፣ ዝናብ ያጨማደደው እውነተኛ ክንፍ። ስውራን የሚባሉት ክንፋም ፍጥረቶች ከሰው ተደባልቀው እንደሚኖሩ ብትሰማም በዓይኗ አይታ አታውቅም።

«አውልቀህ ስጠኝ» አለች፣ ድንጋጤዋን ዋጥ አድርጋ።

«አይወልቅም።»

«እንግዲያው ጠረጴዛው ላይ ተኛ!»

እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጋበት በስሱ ተኮሰችለት። ኮረኮረውና ሳቀ። ሳቁ ተጋባባትና እሷም ሳቀች። ይኼኔ እግሯ ከወለሉ ተነሳ።

ፍቅራቸው እንዲህ ጀመረ። ክንፋሙ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ይመጣል፤ ኋላ ላይ ፀሐይ በወጣበት ቀንም ክንፉን በባልዲ ውሃ እያራሰ ይመጣ ጀመር። እሷም በሳቀች ቁጥር ሽቅብ ትንሳፈፋለች።

«ጣሪያ ታክከሽ የተኮስሽው ሱሪ ይኸው፣ መስመሩ ሁለት ሆኗል!» ብላ አክስቷ ተቆጣች፤ በሽርጥ ማሰሪያም ከጠረጴዛው እግር ጋር አሰረቻት።

ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። አንድ ቀን ክንፋሙ ፊቱን አጥቁሮ እውነቱን አወጣው። «እኛን የወደደ ሰው እንደ ላባ ይቀላል። ደጅ ሆኖ ሽቅብ የሄደ ደግሞ አይመለስም። የአጎቴን ሚስት እስካሁን እየፈለግናት ነው።»

«ታዲያ እስከዛሬ ምን ዘጋህ?»

«ካወቅሽ አትስቂም ብዬ ነዋ።»

ተንሳፍፋ ነበርና ንዴቷ ወለሉ ላይ ዱብ አደረጋት። አክስቷ የያዘችውን ኮሌታ አስቀመጠችና ወደ ልጁ ዞረች። «ሰው እናንተን ወዶ ከቀለለ፣ እናንተስ ሰው ስትወዱ ምን ትሆናላችሁ?»

«እኔ እንጃ፣ እትዬ። ከእኛ መሃል የሰው ጭንቀት ቁጭ ብሎ የሰማ የለም።»

«እንግዲያው አንተ ትሰማታለህ! ልጄ፣ ንገሪው።»

ተኳሿ ለማንም ያልነገረችውን ነገረችው። የእናቷ መልክ እየጠፋባት መሆኑን። አክስቷ ጉልበቷን እያመማት ደህና ነኝ እንደምትል። አክስቷ ከሌለች በሰው ሸሚዝ መሃል ብቻዋን እንደምትቀር። ክንፋሙ ዓይኑን ሳይነቅል አዳመጣት። እያዳመጠ ሳለ ወለሉ ተሰነጠቀና እስከ ጉልበቱ ሰመጠ።

«ኧረ የጎረቤት ያለህ!» ሲል ፀጉር ቆራጩ ከታች ጮኸ። «ደንበኛዬ ራስ ላይ ሰው ቆመበት!»

ክንፋሙ እንባ ባቀረረ ዓይኑ ወደ ታች አቀርቅሮ «ይቅርታ፣ ጋሼ» አለ። ተኳሿ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ማሰሪያው ተበጠሰና ተንሳፈፈች፤ እንደተንሳፈፈችም ሁለት እጁን ያዘች። እሷ ወደ ላይ፣ እሱ ወደ ታች እየተጓተቱ ከወለሉ ወጣ። ቅለቷና ክብደቱ ተመጣጥነው ሁለቱም መሬት ረግጠው ቆሙ። አክስትየዋ አየት አደረገቻቸውና «በሉ ተጋቡ፤ ወለሌን ግን ታሠራላችሁ» አለች።

ተጋቡ፤ ወለሉም ተሠራ። ቤት ውስጥ ሰላም ናቸው፤ ጭንቁ ደጅ ሲወጡ ነው፣ ጣሪያ የለማ። ስለዚህ ክንፋሙ ሽቅብ እንዳትሄድበት መንገድ ላይ ሆን ብሎ ያናድዳታል።

«ትናንት የሠራሽው ሾርባ እኮ ውሃ ነው» ይላታል፣ ክንዷን ጥብቅ አድርጎ ይዞ።

«ሁለተኛ ብሠራልህ!» ትላለች እሷ፣ መሬቱን እየደበደበች። የሚያልፍ የሚያገድመው ሰው የተጣሉ እየመሰለው ሊያስታርቃቸው ይቆማል።