ያልተነገረኝ ሽታ

መንጋጋዬን ያስነቀልኩት ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ነው። ሐኪሙ ኪኒኑን በቀን ሦስት ጊዜ ዋጥ አለኝ። እኔ ደግሞ ግግም አልኩ፤ ይህን ያህል ዘመን በደብር ዜማ ያገለገልኩ ሰው በኪኒን ጾም ልገድፍ? ጾሜን ስፈታ ብቻ አንዷን እውጣለሁ፤ ሌላው ተረፈ።

ብዙም ሳይቆይ ትኩሳትና ሳል ያዘኝ። የጎንደር ብርድ ነው ብዬ ጋቢዬን ደረብኩ። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን ነው የምኖረው። እሷ ብትኖር አፍንጫዋን ይዛ «ኧረ ተጉመጥመጥ!» ትለኝ ነበር። የራሴ አፍ ለራሴ አልሸተተኝም።

ቤተ ክርስቲያን የምንቆመው ትከሻ ለትከሻ ነው። በዚያ ሰሞን ግን ግራና ቀኜ ሰፋ። አያ እያልኩ የምጠራቸው፣ ዘወትር ከጎኔ የሚቆሙት ሽማግሌ እንኳ መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ግድግዳው ተጠጉ። ሳሌን ሸሽተው ነው ብዬ ተቀየምኩ። ከቅዳሴ በኋላም ብቻዬን ቁልቁል እወርድ ነበር።

ደም የቀላቀለ አክታ ስተፋ ግን ፈራሁና ሐኪም ቤት ሄድኩ። ወጣቷ ሐኪም ራጁን አይታ፣ የድዴ ቁስል ወደ ሳንባዬ ወርዶ መግል እንደቋጠረ ነገረችኝ።

«አባቴ፣ ትንፋሽዎ መሽተት የጀመረው መቼ ነው?»

«ይሸታል እንዴ?»

ራጁን አስቀመጠች። ከዚያ ቀስ ብላ «ቀደም ብለው መጥተው ቢሆን ሳንባዎ እንዲህ ባልተጎዳ» አለች። ቀጥላም አስታማሚዬ የት እንዳለ ጠየቀችኝ። አስታማሚ አልነበረኝም። ፋሲካን እዚያው ተኝቼ አሳለፍኩ፤ የጎኔ አልጋ በሽተኛ ዘመዶች ፊታቸውን መለስ እያደረጉ ዶሮ አጎረሱኝ።

ድኜ ስመለስ ቤተ ክርስቲያን አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ ቆምኩ። ሽታው ይጥፋ አይጥፋ የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም። ድሮ በአንድ ትንፋሽ የምዘልቀውን ዜማ መሃል ላይ ጣልኩት። ሽማግሌው ትከሻዬን እስኪነኩኝ ተጠጉና አነሡልኝ። ዜማው ሲያበቃ ነጠላዬን ጎተት አደረጉ።

«ምነው ታፈንክ? ግለጠው። አሁንማ ሸጋ ነው፤ አይሸትም።»

«አያ፣ ያኔ ይሸት ነበር?»

መሬት መሬት አዩ። «ሁላችንም እናውቅ ነበር። ምን ብዬ ልንገርህ? አፍሬህ ነዋ።»

እሳቸውን ልቆጣ አልቻልኩም፤ እኔም ብሆን አልናገርም ነበር። ስወጣ በሚስቴ መቃብር በኩል ዞርኩ። ሳታፍር የምትነግረኝ እሷ ብቻ ነበረች።